ስቲልሄድ፦ በብርዱ ወራት ወደ ወንዝ የሚወጣው ዓሣ

ሲያትል ያለው ወገናችን ብርዱ ሲገባ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ዓሣም ገበያ ካልሄደ አያይም። ጥቂት ሰዓት ነድቶ ኦሊምፒክ ልሳነ ምድር ቢዘልቅ ግን ፎርክስ በምትባል ትንሽ ከተማ ዙሪያ ሆህ፣ ሶልዳክና ቦጋሺል የተባሉ ወንዞች አሉለት። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ስቲልሄድ ከባሕር ይገባባቸዋል። የማስገሪያ ፈቃድና ጥሩ የዝናብ ልብስ መያዝ ነው። ደንቡ ስለሚለዋወጥ ከመነሳት በፊት ማየት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ስቲልሄድን ሳልሞን ያደርገዋል። ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ስቲልሄድ ማለት ያው ባለ ቀስተ ደመናው ትራውት ነው፤ ከኬንያ መጥቶ ባሌ ውስጥ ዌብ ወንዝ ላይ የተለቀቀው ዓሣ የቅርብ ዘመዱ ብቻ ሳይሆን ራሱ ዝርያው ነው። ከአንድ ወንዝ፣ አንዳንዴም ከአንድ እናት ከተፈለፈሉት መካከል ከፊሉ እዚያው ወንዙ ውስጥ ዕድሜውን ይጨርሳል። ሌላው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ ጥቂት ዓመት በልቶ ሲመለስ ብር መስሎ ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ ይመዝናል። የሚደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የፓስፊክ ሳልሞን እንቁላሉን ጥሎ እዚያው ይሞታል፤ ከስቲልሄድ ግን በተለይ ሴቶቹ ከስተው፣ ጠቁረው ወደ ባሕር የሚመለሱ፣ አገግመውም ዳግም ለመውለድ የሚመጡ አሉ። የያዝከውን የዱር ዓሣ በደህና ከለቀቅከው ሌላ ዓመት ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

የዱሩን የሚለየው በጀርባ ክንፉና በጅራቱ መካከል ያለች ትንሽ ሥጋማ ክንፍ ናት። ማራቢያ ጣቢያ ያደገው ጫጩት ሳለ ተቆርጣበታለች፣ በቦታው የዳነ ጠባሳ ይቀራል። ክንፏ ካለች ይለቀቃል፤ ለፎቶም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ከውኃ ማውጣት በዋሽንግተን ሕግ ክልክል ነው። ዓሣውን ጠጠር ላይ አጋድሞ ስልኩን የሚፈልግ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። እጅህን አርጥብ፣ ዓሣውን ውኃ ውስጥ እንዳለ ያዝ፣ መንጠቆውን ንቀልና ልቀቀው!

ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት ወንዙ ቡና ይመስላል፤ አትድከም። አረንጓዴ ሲሆን ሂድ። ሆህ ከኦሊምፐስ ተራራ ግግር በረዶ ስለሚነሳ ለመጥራት ይዘገያል፣ ሶልዳክ ይቀድመዋል።

የሚበላ የፈለገ ቶሎ ይሂድ፤ ክንፉ የተቆረጠው በታኅሣሥና በጥር መጀመሪያ በብዛት ይገባል፣ በተለይ ማራቢያው ወዳለበት ቦጋሺል። ጊዜው ከገና ጾም ጋር ይገጥማል፤ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለእናንተና ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ።