ፍለጋው ከአያት ይጀምራል

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ድረ ገጽ ለመክፈት ስልካችሁ ላይ «ኤኤዩ ነጥብ ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ» የሚለውን አድራሻ ስትጽፉ፣ ስልኩ ይህን ስም ብቻ ይዞ የትም አይደርስም። በኢንተርኔት ላይ መልእክት የሚጓዘው በቁጥር አድራሻ ነውና ስሙ መጀመሪያ በቁጥር መመንዘር አለበት። መንዛሪው ዲኤንኤስ ይባላል።

የድረ ገጽ ስም የተሠራው እንደ እኛው ስም ነው፤ ልጅ ይቀድማል፣ አባት ይከተላል፣ አያት ይጨርሳል። ፍለጋው ግን ከአያት ይጀምራል። ስልካችሁ ጥያቄውን ኢንተርኔት ለሚያቀርብላችሁ ድርጅት ሰርቨር ይሰጣል። እሱም መልሱን ካላወቀ በ13 ስሞች ከሚታወቁት የስር ሰርቨሮች አንዱን ይጠይቃል። የስር ሰርቨሩ ስለ ዩኒቨርሲቲው የሚያውቀው ነገር የለም፤ «የኢቲን መዝገብ የያዙት እነ እገሌ ናቸው፣ እነሱን ጠይቅ» ብሎ ይሸኘዋል። የኢቲ መዝገብ ያዦችም ወደ ታች ይመሩታል፤ በመጨረሻ የዩኒቨርሲቲውን ስም የያዘው ሰርቨር ቁጥሩን ይናገራል። ምልልሱ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰከንድ አይፈጅም። መልሱ ለተወሰነ ጊዜ ስለሚቀመጥም ቀጥሎ የሚጠይቅ ሰው ያን ሁሉ መንገድ አይደግምም።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሙሉውን መዝገብ የያዘ አንድም ኮምፒውተር አለመኖሩ ነው። እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን ልጆች ብቻ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። የኢንተርኔት ቀዳሚ በነበረው በአርፓኔት መረብ ዘመን የኮምፒውተሮቹ ስም ሁሉ በአንድ ፋይል ተጽፎ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኤስአርአይ በተባለው የምርምር ተቋም፣ ኤሊዛቤት ፋይንለር በሚመሩት ቢሮ ይጠበቅ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ያገናኘ ሁሉ እዚያ ያስመዘግባል፤ ሌላው ደግሞ ፋይሉን እየገለበጠ ይወስዳል። መረቡ ሲሰፋ ይህ አላዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ መዝገቡን ለየባለቤቱ የሚያከፋፍለውን ዲኤንኤስ ነደፉ። ኢንተርኔት ዛሬ ያለበት ስፋት ላይ የደረሰው ይህ ክፍፍል ስላለ ነው ብዬ አምናለሁ።

የእኛም ፊደል እዚህ መዝገብ ውስጥ ቦታ ተበጅቶለታል። በአያት ቦታ የሚገቡ የግዕዝ ፊደል ስሞችን የሚመለከት ደንብ ተዘጋጅቷል፤ ባለሙያዎቹም አጻጻፋችን የሚያመጣውን ጣጣ አልዘነጉትም። አንዱ «ሰላም»ን ካስመዘገበ፣ «ሠላም» ለሌላ ሰው አይሰጥም።