ጎድጓዳ የሚመስለው ገጽ

ስለ ጉብጠት መማር ለሚፈልግ ሰው መካነ ሰላም ጥሩ ቦታ ናት። በአካባቢዋ፣ በቦረናም ሆነ በሳይንት፣ ስፌት የሚያውቁ እናቶች ባሉበት ቤት ትምህርቱ በእጅ ይሠራል። በወስፌ እየተወጋ ዙር በዙር ላይ ይጨመራል። ዙሩ ከመሃል በራቀበት ልክ ከሰፋ ሰፌዱ ዝርግ ይወጣል። ካነሰ ጠርዙ ተነሥቶ ይጎደጉዳል፤ ጉብጠቱ ፖዘቲቭ ነው። ከበዛ ጠርዙ ይሸበሸባል፤ ጉብጠቱ ኔጌቲቭ ነው። አንዲት እናት የተሸበሸበ ጅምር አሳይተውኝ፣ «ልጄ፣ ይሄ መፈታት ነው ያለበት፤ ቢጫኑት አይቃናም» አሉኝ። ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 ያቀረበው ታላቅ ውጤት ይኸው ነው፤ ገጹ እስካልተለጠጠ ድረስ በማጠፍ ብቻ ጉብጠቱ አይለወጥም። ሾጣጣው የጎጆ ጣሪያም ሰው እንደሚያስበው ጎባጣ አይደለም። ቀዶ መዘርጋት ስለሚቻል ከጫፉ በቀር ጉብጠቱ ዜሮ ነው።

ጉብጠታቸው በየትም ቦታ እኩል ከሆኑ ገጾች መካከል ሉልና ዝርጉን ሁሉም ያውቃቸዋል። የሚገባውን ክብር ያላገኘው ሦስተኛው፣ በሁሉም ነጥብ ጉብጠቱ ኔጌቲቭ 1 የሆነው ሃይፐርቦሊክ ገጽ ነው። በዝርግ ገጽ ላይ ራዲየሱ 3 የሆነ ክብ ዙሪያው ሁለት ፓይ በ3 ተባዝቶ ይገኛል፤ በዚህኛው ገጽ ላይ ግን በ10 ገደማ ይባዛል። ራዲየሱ 10 ሲደርስ ዙሪያው የዝርጉ ከ1,100 እጥፍ በላይ ይሆናል። ይህን ሁሉ ሽብሽብ የቱ ቦታ ይችለዋል? ኤውጄኒዮ ቤልትራሚ እ.ኤ.አ. በ1868 የገጹን ቁራጭ የሚወክል ቅርጽ ቢያሳይም ቅርጹ ስለታም ጠርዝ ላይ ደርሶ ያበቃል። ዳቪድ ሂልበርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1901 ሙሉው ገጽ፣ ልስልስ እንደሆነ፣ በተለመደው ባለ ሦስት አውታር ህዋ ውስጥ ፈጽሞ እንደማይገባ አረጋገጠ።

ከፊል ኢዩክሊዳዊ ህዋ ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ህዋ ርቀት ሲለካ የአቅጣጫዎቹ ርቢዎች ሁሉም አይደመሩም፤ የሚቀነስ አለ። ሄርማን ሚንኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1908 ኮሎኝ ላይ ባደረገው ንግግር ቦታንና ጊዜን አንድ ያደረገው በዚሁ ልኬት ነው። እንግዲህ የከፍታው ርቢ ሲቀነስ እንውሰድ። ከከፍታው ርቢ ላይ የአግድሙ ርቀት ርቢ ሲነሣ 1 የሚተርፍባቸውን ነጥቦች ከላይ በኩል ብንሰበስብ ጎድጓዳ ሣህን የመሰለ ገጽ እናገኛለን። ተማሪው ሥዕሉን ያይና «ፖዘቲቭ» ብሎ ይጽፋል። ይህን ስሕተት ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ዓይን የተለመደውን ሜትር ይዞ ነው የሚፈርደው። ከሣህኑ ግርጌ ተነሥተን አግድሙ 10 እስኪሞላ በገጹ ላይ እንውጣ። የወጣነው ከፍታ ከልኬቱ ስለሚቀነስ የተጓዝነው ርቀት 3 ገደማ ብቻ ነው! እዚያ ላይ ያለው ክብ ግን ዙሪያው ሁለት ፓይ በ10 ነው። ያ ሁሉ ሽብሽብ፣ አንድ እጥፋት እንኳ ሳይታይበት፣ ሙሉ በሙሉ ሣህኑ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ወገቡ የቀጠነው ባለ አንድ ቁራጭ ሃይፐርቦሎይድ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ለዓይን ኮርቻ ቢመስልም በዚህ ልኬት ጉብጠቱ ፖዘቲቭ 1 ነው።

ከገጾች ወደ መስመሮች ስንመጣ፣ ስለ ልዩ ጥምዝ መስመሮች አንድ ነገር ብቻ ልበል። ተዳፋቱን ሳይለውጥ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ መንገድ ቢኖር ሒሳብ ሄሊክስ ይለዋል። የከፍታው ርቢ በሚቀነስበት በሚንኮቭስኪ ህዋ ተዳፋቱ 45 ዲግሪ የሆነ ሄሊክስ ርዝመቱ ዜሮ ነው። ብርሃንም የሚጓዘው ርዝመታቸው ዜሮ በሆኑ መስመሮች ነው። ስለዚህ የመስመርን ጥምዘት የሚለካውን የፍሬኔን ቀመር ከመደበኛው መጽሐፍ ገልብጦ ታንጀንቱን (የመስመሩን አቅጣጫ) ለርዝመቱ ማካፈል ለዜሮ ማካፈል ይሆናል፤ እንዲህ ላለው መስመር የካርታን ማዕቀፍ የሚባል ሌላ መንገድ አለ።

በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ካምፓስም ሆነ በሌላ ቦታ ሒሳብ የምትማሩ ልጆች፣ ባሬት ኦኒል ስለዚህ ዓይነት ጂኦሜትሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ ጀምሩ። ማንኛውንም ቀመር ከመጠቀማችሁ በፊትም የታንጀንቱ ርቢ ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ወይስ ዜሮ መሆኑን አረጋግጡ።