የመስጊድ ምንጣፍ እጥበትና የሠራተኛው ሐቅ

የተከበረው የረመዳን ወር ሲቃረብ በየመስጊዱ ከሚነሱት ጉዳዮች አንዱ የምንጣፍ እጥበት ነው። ዓመቱን ሙሉ የተሰገደበት ምንጣፍ አቧራ ጠጥቷል፤ ኮሚቴው መዋጮ ያሰባስባል፣ አጣቢ ይፈልጋል። ሥራው ቀላል ስለሚመስል ግን ብዙ ጊዜ በቃልና በዓይን ግምት ይጀመራል። ጭቅጭቁ የሚመጣው በኋላ ነው። አጣቢው «ከተነጋገርነው በላይ ሠራሁ» ይላል፤ ኮሚቴው «ለአላህ ቤት አይደለም ወይ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ሐቃቸው ተጠብቆ እንዲለያዩ ሥራው እንዴት እንደሚታቀድና ዋጋው እንዴት እንደሚተመን እንመልከት።

በፊቅህ ትምህርት የጉልበት ቅጥር «ኢጃራ» ይባላል። ዑለማዎች ካስቀመጧቸው መስፈርቶች መካከል ሥራው የታወቀ፣ ክፍያውም የታወቀ መሆን አለበት የሚለው ይገኝበታል። «መጀመሪያ እጠቡ፣ ዋጋውን በኋላ እንስማማለን» ማለት ውሉን ወደ «ገረር»፣ ማለትም አንዱን ወገን ሊጎዳ ወደሚችል ብዥታ ያስገባዋል። በስፍርና በሚዛን የሚያጎድሉ ሰዎች ምን እንደሚጠብቃቸው የሚያስጠነቅቅ ሙሉ ሱራ፣ ሱረቱል ሙጠፊፊን፣ በቁርአን ውስጥ መኖሩን እናስታውስ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሜትር ይዞ መለካት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የወንዶች መስገጃ 20 ሜትር በ30 ሜትር ቢሆን 600 ካሬ ሜትር ነው። የሴቶች መስገጃ 10 በ15 ቢሆን 150 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ድምሩ 750። ዋጋው ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ ለስሌት እንዲመች ብቻ በካሬ ሜትር 40 ብር እንበል፤ ሥራው 30 ሺህ ብር ያወጣል። ኮሚቴው የወንዶቹን አዳራሽ ብቻ አሳይቶ በ24 ሺህ ብር ከተስማማ በኋላ «የሴቶቹንም ጨምሩልን» ቢል፣ 6 ሺህ ብር ከሠራተኞቹ ላብ ወሰደ ማለት ነው። በተቃራኒው አጣቢው 750ውን በግምት 900 ብሎ ቢያስከፍል፣ ያንኑ 6 ሺህ ብር ምእመናን ለአላህ ብለው ካዋጡት ገንዘብ ወሰደ። ሁለቱም አማና ማጉደል ነው። የሴቶች መስገጃ ደግሞ እንደ ተጨማሪ ሊታይ አይገባም። ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር የሚቀመጡት እዚያ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የበለጠ እጥበት የሚፈልገው እርሱ ነው።

ከልኬቱ ቀጥሎ ዋጋው ምን ምን እንደያዘ ይጠየቅ። የሠራተኞች ጉልበት፣ የምንጣፍ ሻምፖ፣ የማሽንና የሠራተኛ ማጓጓዣ፣ የከባድ ቆሻሻ ማስለቀቂያ ተካተዋል? ውሃውን የሚያቀርበው ማነው? በፈረቃ ውሃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው አስቀድሞ ካልሞላ ሠራተኛው ቆሞ ያድራል። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር ከማን ነው? 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚመለከተው ድርጅት ከሆነ የተነገረው ዋጋ ታክሱን ይጨምራል? እነዚህ ሁሉ ቀድመው ካልተነሱ ዝቅተኛ የመሰለው ዋጋ መጨረሻ ላይ ከፍተኛ ሆኖ ይገኛል።

ጊዜውን ማቀድ ደግሞ ከዋጋው አያንስም። ትልቁ ችግር ማጠቡ ሳይሆን ማድረቁ ነው። ውሃ የበዛበት ምንጣፍ ሥር ያለው ስፖንጅ እርጥበት ይዞ ይቀራል፤ ይሸታል፣ ይሻግታል። ስለዚህ መጀመሪያ ደረቁ አቧራ በማሽን በደንብ ይሳብ፤ ቀጥሎ በልክ ይታጠብ፤ ከዚያ ውሃው ተመጦ ይውጣ፤ መስኮት ይከፈት፣ ማራገቢያ ይለቀቅ። በዒሻና በፈጅር መካከል ያለው ጊዜ 9 ሰዓት ያህል በመሆኑ 750 ካሬ ሜትር በአንድ ሌሊት አጥቦ ማድረቅ አስቸጋሪ ነው። በሦስት ሌሊት ከፍሎ በየሌሊቱ 250 መሥራት ይሻላል። መጀመሪያ የኋላው ክፍል ይታጠብ፤ ጀመዓው ፊት ለፊት ባለው ደረቅ ቦታ ይሰግዳል። የፊተኛው ሶፍ ተራው ሲደርስ ጀመዓው ወደታጠበውና ወደደረቀው ይዞራል። የጁምዓ ዋዜማ ይዘለል። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ በበጋ የሠራ ዕቅድ ክረምት ላይ ሲውል አይሠራም፤ ያኔ ለማድረቂያ ተጨማሪ ቀን ይያዝ። በየትኛውም ወቅት ሥራው ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቢጠናቀቅ መልካም ነው።

አጣቢዎች ሊነገራቸው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ነጃሳ። አንድ የገጠር ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ውስጥ በሸና ጊዜ ሰዎች ሊቆጡት ሲነሱ፣ ነቢዩ እንዲተዉት ነግረው በቦታው ላይ ባልዲ ውሃ እንዲደፋ አዘዋል። ሻምፖ ምንጣፉን ያሳምራል፤ ነጃሳ ያረፈበት ቦታ ግን ነጃሳው ከተወገደ በኋላ ንጹሕ ውሃ ሊፈስበት ይገባል። ሕፃን የሸናበት ቦታ ካለ ምልክት ተደርጎበት ከአጠቃላይ እጥበቱ በፊት ለብቻው ይጥራ። እናቶች፣ ሳታፍሩ ለኮሚቴው ንገሩ።

ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ፤ ስፋቱ፣ ዋጋው፣ ቀናቱ፣ ቀብዱ፣ የሁለቱም ፊርማ። በቁርአን ረጅሙ አንቀጽ፣ ሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ዕዳን በጽሑፍ ስለማስፈር የሚናገር ነው። መጻፍ አለመተማመን አይደለም። ርክክቡ ምንጣፉ ደርቆ በቀን ብርሃን ይሁን፤ ቀሪው ክፍያም እዚያው ይፈጸም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጠው ማዘዛቸው ተዘግቧል። «መዋጮው ገና አልተሟላም» የሚለው ምክንያት አይሆንም፤ ገንዘቡ ሳይሟላ ሥራው አይጀመር። ሠራተኛው ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን ሐቁ አንድ ነው።

«ለአላህ ቤት ነው» የሚለው ቃል ከባድ ነው፤ ዋጋ ማስቀነሻ ልናደርገው አይገባም። አጣቢው ዋጋውን ከተነገረ በኋላ በፈቃዱ ቢቀንስ ሰደቃ ነው። አፍሮ ቢቀንስ ግን ሰደቃው የእርሱ አይደለም፣ እኛም ወስደንበታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ትጠርግ የነበረች ሴት ስትሞት ባለመነገራቸው አዝነው መቃብሯ ድረስ ሄደው ሰግደውባታል። መስጊድን የሚያጸዳ ሰው በእርሳቸው ዘንድ የነበረው ቦታ ይህን ያህል ነው።

ወላጆች ሆይ፣ መዋጮ ስትሰጡ «ተለክቷል? ተጽፏል? ሠራተኞቹ ተከፍሏቸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። በመስጊድ ስታፈጥሩ ላስቲክ አንጥፉ፤ የተምር ፍሬና የሾርባ ጠብታ ምንጣፉ ላይ እንዳይቀር ልጆቻችሁን አስተምሩ። ግንባራችን የሚያርፍበት ምንጣፍ ከቆሻሻም ከሰው ሐቅም የጸዳ ይሁን። አላህ ለረመዳን በሰላም ያድርሰን፣ ሥራችንንም ይቀበለን። አሚን።