ሚያዝያ 4፦ ሦስት ታላላቅ ሙከራዎች የተገናኙባት ዕለት

በ1947፣ በ1953 እና በ1973 ዓ.ም. በአንዲት ዕለት፣ በሚያዝያ 4፣ ሦስት ታላላቅ የሳይንስ ክንውኖች ተመዝግበዋል። የፖሊዮ ክትባት ውጤታማነት ተበሠረ፤ የመጀመሪያው ሰው ወደ ጠፈር ወጣ፤ ደጋግማ እንድትበር የተሠራችው የመጀመሪያዋ መንኮራኩር ምሕዋር ገባች። ዕለቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 12 ነው። መስከረም 1 አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴም 12 ላይ ይውላል። ይህን የአንድ ቀን ልዩነት የአውሮፓውያኑ ፌብሩዋሪ 29 ስለሚያቃናው፣ ሚያዝያ 4 በዘመናችን ዘወትር ከኤፕሪል 12 ጋር ይገጥማል።

ሦስቱን ክንውኖች የሚያስተሳስራቸው ግን ቀኑ ብቻ አይደለም። ሦስቱም የሰው ሕይወት የተያዘባቸው ሙከራዎች ነበሩ።

በአሜሪካ በአውሮፓውያኑ 1952 ብቻ 58 ሺህ ያህል ሰዎች በፖሊዮ ተይዘዋል። ዶክተር ጆናስ ሳልክ ቫይረሱን በፎርማሊን ገድለው ክትባት አዘጋጁ፤ በራሳቸውና በቤተሰባቸውም ላይ ሞከሩት። ከዚያም 1.8 ሚሊዮን ሕፃናት የተካተቱበት ሰፊ ጥናት ተካሄደ። ጥናቱን የመሩት ዶክተር ቶማስ ፍራንሲስ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ክትባቱ አስተማማኝና ውጤታማ መሆኑን ይፋ አደረጉ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሞት የተለዩት ልክ ከ10 ዓመት በፊት በዚሁ ዕለት ነበር። በፖሊዮ ሽባ እንደሆኑ የሚነገርላቸው ሩዝቬልት፣ ምርምሩን በገንዘብ የደገፈውን ተቋም የመሠረቱ ሰው ናቸው።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በሳምንታት ውስጥ ከአንድ አምራች የወጣ ክትባት በሕይወት ያለ ቫይረስ እንደያዘ ታወቀ። ከመቶ በላይ ሰዎች ሽባ ሆኑ፤ 10 ሰዎችም ሞቱ። ክትባቱ ለጊዜው ተቋርጦ የመንግሥት ቁጥጥር ከተጠናከረ በኋላ እንደገና ቀጠለ።

በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የ27 ዓመቱ ዩሪ ጋጋሪን በቮስቶክ 1 ከባይኮኑር ተነሥቶ ምድርን አንድ ጊዜ ዞረ። ጉዞው 108 ደቂቃ ፈጀ። ክብደት አልባነት የሰውን አእምሮ ያውክ ይሆናል የሚል ሥጋት ስለነበረ የእጅ መቆጣጠሪያው ተቆልፎ፣ የመክፈቻው ቁጥር በታሸገ ፖስታ ተቀመጠለት። በመልስ ጉዞው ከመንኮራኩሯ መላቀቅ የነበረበት ክፍል በሽቦዎች ተንጠልጥሎ ቀረ። ሽቦዎቹ በሙቀት ተቃጥለው እስኪበጠሱ ድረስም የጋጋሪን ክፍል ለደቂቃዎች ሲሽከረከር ቆየ። ጋጋሪን 7 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወጥቶ በፓራሹት ወረደ። ሶቭየት ኅብረት ይህን የአወራረድ ሁኔታ ለዓመታት ደብቃዋለች፤ የበረራ ክብረ ወሰን ደንቡ አብራሪው ከነመንኮራኩሩ እንዲያርፍ ይጠይቅ ነበርና።

ከ20 ዓመት በኋላ ጆን ያንግና ሮበርት ክሪፐን በኮሎምቢያ መንኮራኩር ተነሡ። በረራው የተያዘው ከሁለት ቀን በፊት ነበር። ሆኖም ተጠባባቂው ኮምፒውተር ከአራቱ ዋና ኮምፒውተሮች ጋር በጊዜ መናበብ አቅቶት ተራዘመ። ከጋጋሪን 20ኛ ዓመት ጋር ያገናኘው እንግዲህ ይህ እክል ነው። ኮሎምቢያ ያለ ሰው ተፈትና አታውቅም፤ የመጀመሪያ በረራዋን ሰዎችን ይዛ አደረገች። በሮኬቶቹ መለኮስ የተፈጠረው የግፊት ሞገድ ከተገመተው በላይ ሆነ፤ በበረራውም 16 ሙቀት ተከላካይ ንጣፎች ወልቀው 148ቱ ተጎዱ። መሐንዲሶች ግፊቱን ለመቀነስ ወደ ሮኬቶቹ የእሳት መውጫ ውኃ የሚረጭ ዘዴ ጨመሩ። ያም ሆኖ በ1995 ዓ.ም. ተገንጥሎ የወደቀ አረፋ የክንፏን ሙቀት መከላከያ ስለሰበረው፣ ኮሎምቢያ ወደ ምድር ስትመለስ ተበታትና ሰባት ጠፈርተኞች ሞቱ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዕለቱን በ2003 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ የሰው ልጅ የጠፈር በረራ ቀን ብሎ ሰይሞታል። ክትባቱም ፍሬ አፍርቷል። የሳልክ መርፌና በኋላ የመጣው በአፍ የሚሰጠው ጠብታ በሽታውን ከአብዛኛው ዓለም አስወገዱት፤ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጣና፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኑ ተረጋገጠ። በመዝገብ ላይ ሚያዝያ 4 የድል ቀን ናት። ድሉን ያጸናው ግን በማግስቱ የቀጠለው ሥራ፣ የተበላሸውን ፈልጎ ማግኘትና ማረም ነው።