የረጅም በረራ ሰዓትና የእግር ደም መርጋት

በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚደረገው ግን 16 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ለልዩነቱ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ በከፍተኛው የአየር ክፍል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ወደ ምዕራብ የሚበረውን አውሮፕላን ፍጥነት ይቀንሳል። ሁለተኛው፣ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ በ2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በዚህም ምክንያት አውሮፕላኑ ለረጅሙ ጉዞ የሚበቃ ነዳጅ ከሙሉ ጭነት ጋር ይዞ መነሣት ስለሚያዳግተው በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ያርፋል።

ይህ የሰዓት ርዝመት ከትኬቱ ላይ በቀላሉ አይታይም። በበጋቸው ወራት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ትዘገያለች። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 16 ሰዓት የተጓዘ ሰው በዋሽንግተን አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ የመነሻውንና የመድረሻውን ሰዓት ብቻ ያየ ሰው ጉዞው 9 ሰዓት የፈጀ ይመስለዋል። ስለዚህ የጤና ባለሙያው ሊጠይቅ የሚገባው በሽተኛው በመቀመጫው ላይ ስንት ሰዓት እንደቆየ ነው።

የባት ጡንቻ በእንቅስቃሴ ጊዜ ደምን ወደ ልብ የሚገፋ ፓምፕ ነው። ጉልበት ታጥፎ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጡ ይህ ሥራ ስለሚዳከም ደም በእግር ጥልቅ መላሽ የደም ሥሮች ውስጥ ይዘገያል፤ ሊረጋም ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው የጥናት ውጤት መሠረት፣ ከ4 ሰዓት በላይ ያለ እንቅስቃሴ ተቀምጦ መጓዝ አደጋውን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ሆኖም በጤነኛ ሰው ላይ የሚደርሰው ከ6,000 ተጓዦች በአንዱ ያህል ብቻ ነው። ቀደም ሲል ደም የረጋባቸው፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ የካንሰር ሕሙማን፣ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች፣ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ የሚወስዱ ሴቶች እንዲሁም ከመጠን በላይ ወፍራም የሆኑ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ማንኛውም ተጓዥ ቁርጭምጭሚቱን ደጋግሞ እንዲያንቀሳቅስ፣ በየጊዜው ተነሥቶ እንዲራመድና በቂ ውኃ እንዲጠጣ ሊመከር ይገባል። ለአደጋው ይበልጥ ለተጋለጡት፣ በቁርጭምጭሚት ላይ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት የሚያሳርፍ፣ እስከ ጉልበት በታች የሚደርስ ልክ የሆነ ካልሲ ይጠቅማል። ለዚሁ ዓላማ ብቻ አስፒሪን መስጠት አይመከርም።

ከበረራ በኋላ ሁለቱም እግሮች መጠነኛ እብጠት ማሳየታቸው የተለመደ ሲሆን በአጭር ጊዜ ይጠፋል። አንድ እግር ብቻ ሲያብጥና ሲያም ግን ምርመራ ያሻል። አደጋው ከጉዞው በኋላ ለሳምንታት ስለሚቆይ፣ የጉዞ ታሪክ ሲወሰድ ያለፈውን አንድ ወር ማካተት ተገቢ ነው።

ከዝቅተኛ ሥፍራ ወደ አዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ትንፋሽ ሲያጥረው ምክንያቱ የከተማዋ ከፍታ ነው ተብሎ በቀላሉ ሊታለፍ ይችላል። ይሁን እንጂ የትንፋሽ ማጠሩ ድንገተኛ ከሆነ፣ ወይም የደረት ውጋት፣ ደም የቀላቀለ አክታ ወይም ራስን መሳት ከታከለበት፣ ከእግር የተነሣ የረጋ ደም የሳንባን የደም ሥር ዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ሳይመረመር በሽተኛውን ወደ ቤቱ መመለስ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።