ያውቁ ኖሯል? ከካላክላ መንገድ እስከ ቡሬ ምሽግ

ካላክላ በየትኛው መንገድ ላይ እንዳለች ያውቁ ኖሯል? ከካርቱም መሐል ከተማ ወጥተው፣ ነጭ አባይን በስተቀኝ ይዘው ወደ ደቡብ ሲጓዙ ያገኟታል። በአስተዳደር የጀበል አውሊያ ወረዳ ናት። መንገዱን ከቀጠሉበት ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ራሱ ጀበል አውሊያ ይመጣል፤ በ1929 ዓ.ም. ተሠርቶ ያለቀው የነጭ አባይ ግድብ ያለው እዚያ ነው። ካርቱም የኖሩ ብዙ ወገኖቻችን የሚያውቁት ይህ መስመር በኢትዮጵያ የነጻነት ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኢጣሊያ ወረራ ምክንያት ከተሰደዱበት ወደ አገራቸው ከመግባታቸው በፊት የት ይጠብቁ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? በዚያው በጀበል አውሊያ ነው። በሰኔ 1932 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው፣ «ሚስተር ስትሮንግ» በሚል የሽፋን ስም በባሕር አውሮፕላን እስክንድርያ ደረሱ። ከዚያ በዋዲ ሐልፋ በኩል ካርቱም ገቡ። የሱዳን የእንግሊዝ ሹማምንት መምጣታቸውን አልወደዱትም፤ ኢጣሊያን ይቆሰቁስብናል ብለው ፈርተው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወራት ጠበቁ። ደብዳቤ እየጻፉ፣ ከጎጃም የሚመጡ መልእክተኞችን እየተቀበሉ፣ ለስደተኛው ኢትዮጵያዊ መሣሪያና ሥልጠና እንዲሰጥ እየወተወቱ ከረሙ።

ካላክላ ከዚያ ቀደም ብሎም በጦር ታሪክ ስሟ እንደሚነሣ ያውቁ ኖሯል? መሐዲስቶች፣ ማለትም የማህዲ ተከታዮች፣ ካርቱምን ሲከቡ የአብዱራህማን ወድ አል-ኑጁሚ ጦር የሰፈረው ካላክላ ላይ ነበር። በጥር 1877 ዓ.ም. ነጭ አባይ ጎድሎ የከተማው መከላከያ ቦይ ጫፍ ባዶ ሲቀር ሌሊቱን ተነሥተው ጎሕ ሳይቀድ ገቡ። ከተማውን ይከላከል የነበረው ጄኔራል ጎርደን የተገደለው በዚያ ዕለት ነው።

ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ዘመቻ እንመለስና፣ «ሚሽን 101» የሚባለውን ያውቁ ኖሯል? ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ጥቂት ሰዎችን ይዞ ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. በክረምቱ ጭቃ ድንበሩን ተሻግሮ ጎጃም ገባ። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው አብረው የገቡት አዛዥ ከበደ ተሰማ ናቸው። እርስ በርስ ይቀናቀኑ የነበሩትን የጎጃም አርበኞች መሪዎች፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬንና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን፣ በአንድነት እንዲሠሩ ያስማሙት በዚህ ጊዜ ነው። ይህ ስምምነት በደንብ ሊታወስ ይገባዋል፤ ከውጭ የመጣው ጦር የቱንም ያህል ቢደፍር አርበኛው ገጠሩን አስቀድሞ ባይዝለት ኖሮ መግቢያም ስንቅም አያገኝም ነበር። ሳንድፎርድ ከጦርነቱ በኋላም ኢትዮጵያ ቀረ። አዲስ አበባ ያለው የሳንድፎርድ ትምህርት ቤት ስሙን ያገኘው ከዚህ ቤተሰብ ነው።

የአዲስ አበባው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የተሰየመለትስ ሰው? ሜጀር ኦርድ ዊንጌት ካርቱም የደረሰው በ1933 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ብዙም ሳይቆይ በትንሽ አውሮፕላን ጎጃም ሰከላ አርፎ ከሳንድፎርድ ጋር መከረ። ጦሩን «የጌዴዎን ጦር» ያለው እሱ ነው፤ በመጽሐፈ መሳፍንት በ300 ሰው የምድያምን ሠራዊት ያሸበረውን ጌዴዎንን አስቦ። በጎጃም የነበረው የኢጣሊያ ጦር ከ30,000 በላይ ሲሆን የዊንጌት መደበኛ ወታደሮች 2,000 እንኳ አይሞሉም ነበር።

እነዚያ ወታደሮች እነማን እንደነበሩ ያውቁ ኖሯል? እዚህ ላይ ልቆይ፤ ከሁሉ የተረሳው ይህ ነውና። የእንግሊዝ መኮንኖችና የበታች ሹማምንት ከመቶ ብዙም አይበልጡም ነበር። የቀረው ግማሽ ያህሉ ከስደተኛው ተመልምሎ የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ሱዳናዊ ነበር። የሱዳን መከላከያ ጦር «ፍሮንቲየር ሻለቃ» 800 ያህል ሰው ይዞ ዘመተ። አዛዡ ሂው ቡስቴድ በ1933 እ.ኤ.አ. የኤቨረስት ተራራ ጉዞ የተካፈለ ሰው ነበር። በደጋው ብርድ፣ በማያውቁት አገር፣ ሌሊት እየተጓዙ ምሽግ ላይ የወደቁት ግን የሱዳን ልጆች ናቸው። የአርበኞችን የድል ቀን ሚያዝያ 27ን ስናከብር የእንግሊዙን መኮንን ስም እንጠራለን፤ የሱዳኑን ወታደር ግን ማን ያነሣዋል? ይህ ቅር ያሰኘኛል።

ግመሎቹስ? ወደ 15,000 ግመል ከሱዳን ቆላ ስንቅና ጥይት ተጭኖ ተነሣ። መኪና ማለፍ አልቻለም፤ መንገዱ ገደልና ጥቁር ድንጋይ ነው። የቆላ እንስሳ ደጋ ሲወጣ ብርዱም መኖው መለወጡም ፈጀው። ከኋላ የሚመጣው ሰው መንገዱን የሚያውቀው በሞተው ግመል ሽታ ነበር። አዲስ አበባ የደረሱት መቶ አይሞሉም።

ካርቱም ውስጥ የአማርኛ ጋዜጣ ይታተም እንደነበርስ ያውቁ ኖሯል? «ባንዲራችን» ይባላል። ያዘጋጀው የነበረው የፕሮፓጋንዳ ክፍል ኃላፊ ጆርጅ ስቲር ነው። ስቲር በማይጨው ጦርነት ዘመን ኢትዮጵያ የነበረና የስፔኗን ገርኒካ መደብደብ ለዓለም የነገረ ጋዜጠኛ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅም እየታተመ ከአውሮፕላን ይበተን ነበር። ወረቀቱ እጁ የገባ ብዙ የባንዳ ወታደር ከነጠመንጃው ከድቷል።

ኦሜድላ ስንል ብዙዎቻችን የፖሊስ እግር ኳስ ክለብ ትዝ ይለናል። ስሙ ከየት እንደመጣ ያውቁ ኖሯል? ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተሻግረው የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉበት የድንበር ስፍራ ነው።

ቡሬ ላይ የተደረገውን ያውቁ ኖሯል? የጌዴዎን ጦር ከበላያ ተራራ ወደ ደጋው ሲወጣ ኢጣሊያኖች እንጅባራን ለቀው ወደ ቡሬ ሸሽተው ነበር። ዊንጌት ከየካቲት 20 ቀን ጀምሮ ምሽጎቹን በትናንሽ ቡድን ሌሊት ሌሊት አስነካቸው። ዛሬ በዚህ በኩል መትረየስ ይተኮሳል፤ ነገ በዚያኛው ሞርታር ይወርዳል። በድምፅ ማጉያ ደግሞ የአገሩ ተወላጅ ወታደር እንዲከዳ ይለፈፋል። የቡሬው የኢጣሊያ ጦር አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ ትልቅ ጦር የከበበው መሰለውና የካቲት 25 ቀን ሺዎች ወታደሮቹን ይዞ ወደ ደብረ ማርቆስ አቅጣጫ ወጣ። ከፊቱ ጨረቃ ወንዝ ዳር የሰፈረው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ግን ይህን አያውቅም ነበር። የካቲት 27 ቀን ማለዳ ያ ሁሉ ጦር ድንገት መጣበት። በጥቂት መቶዎች የሚቆጠረው ሻለቃ አልሸሸም፤ ክፉኛ ተጎዳ፣ በጠላትም ላይ የባሰ ጉዳት አደረሰ። በኔ ግምት ከዘመቻው ሁሉ ትልቁን ክብር የሚያገኘው ይህ ውጊያ ነው። ሆኖም ከቡሬ ምሽግ ያነሰ ይወራለታል።

ዱካውን ዛሬ ማየት ይቻላል? የጎጃሙ ክፍል ከዋናው መንገድ አይወጣም። ከአዲስ አበባ ተነሥተው የአባይን በረሃ ከተሻገሩ በኋላ 300 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ማርቆስ ይገባሉ። ከዚያ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ በተራ ይመጣሉ፤ የዘመቻው ቅደም ተከተል ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ማለት ነው። ቡሬ ሲደርሱ ከመኪናዎ ወርደው ዙሪያውን ይዩት። ሜዳውና ኮረብታው ምሽግ የያዘ ሠራዊት ለምን እንደተማመነ ያስረዳዎታል፤ ሌሊት ቀርቦ መትቶ መመለስ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅም ያሳይዎታል። ከሁሉ በፊት ግን ሽማግሌ ፈልገው ይጠይቁ።

በስልክ የተለቀቀ ምሽግ እንዳለስ ያውቁ ኖሯል? ደብረ ማርቆስ ከተያዘ በኋላ በአባይ መሻገሪያ ያሉት ኢጣሊያኖች ወደ ከተማው ደወሉ ይባላል። ኢጣሊያንኛ አቀላጥፎ የሚናገረው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስ ስልኩን አንሥቶ፣ 10,000 የእንግሊዝ ጦር እየመጣባችሁ ነው አላቸው። ለቀው ሄዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን ነው፤ በዚያው ዕለት ከኬንያ የመጣው ጦር አዲስ አበባን ያዘ።

በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን በ1902 ዓ.ም. የተወለደው ዝነኛው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲገርም የጌዴዎን ጦር መኮንን ነበር። ከደብረ ማርቆስ የሸሸው የኢጣሊያ ጦር ግንቦት 15 ቀን 1933 ዓ.ም. አጊባር ላይ እጁን ሲሰጥ እሱም በዘመቻው ነበረበት።

ካርቱም ውስጥ በዚህ ጦርነት ለወደቁ ሰዎች የቆመ መታሰቢያ እንዳለ ያውቁ ኖሯል? በካርቱም የጦር መካነ መቃብር፣ በኤርትራና በኢትዮጵያ ግንባር ወድቀው መቃብራቸው ያልታወቀ 600 ያህል ሰዎች የሚዘከሩበት መታሰቢያ አለ።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ የውጊያ ስፍራ እንዴት እንደተያዘ ያውቁ ኖሯል? ኖርዌይ ውስጥ በየካቲት 1935 ዓ.ም. በጣት የሚቆጠሩ ኮማንዶዎች ሌሊት ገብተው የናዚን የከባድ ውሃ ማምረቻ ያፈነዱበት የቬሞርክ ፋብሪካ ስፍራ ዛሬ ሙዚየም ነው። የትምህርት ቤት ልጆች ይጎበኙታል፤ ከተማውም እንጀራ ያገኝበታል። ቡሬም ጨረቃ ወንዝም ከዚህ አያንሱም።

አሁን መሄድ ይቻላል ወይ? በካርቱም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ካላክላንም ጀበል አውሊያንም አላለፈም። የጀበል አውሊያ ግድብ በኅዳር 2016 ዓ.ም. በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች እጅ ወደቀ፤ የሱዳን ጦር ከተማውንና አካባቢውን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። በጦርነቱ ብዙ የካላክላ ነዋሪ ቤቱን ለቆ ተሰደደ፤ አብረውት ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንም እንደዚሁ። ስለዚህ የሱዳኑን ክፍል ለሰላም ቀን ያቆዩት። የጎጃሙንም ቢሆን ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአገሩ ሰው ያረጋግጡ።

እስከዚያው ግን ከቤትዎ ሳይወጡ የሚሠሩት አለ። አባትዎ ወይም አያትዎ ከጎጃም አርበኞች ጋር የዘመቱ፣ ወይም ከካርቱም የስደት ሰፈር የተመለሱ ከሆነ፣ የነገሩዎትን ዛሬውኑ ይጻፉት። የቦታውን ስም፣ የጓደኞቻቸውን ስም፣ አብሯቸው የነበረ ሱዳናዊ ካለ የእሱንም ስም ይመዝግቡ። በመጪው ሚያዝያ 27ም ለልጆችዎ ስለ ሱዳን ወታደሮች ይንገሯቸው።