ከ60 ሜትር ማዶ፦ ረጅም ዙም ሌንስ ለዱር እንስሳት ፎቶ

በባሌ ተራሮች፣ በሳነቴ አምባ ላይ፣ ቀይ ቀበሮ ለማየት ትዕግሥትና ሙቅ ልብስ ይበቃሉ። ከጎባ ተነስቶ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ ቀበሮዎቹ የሚያድኑበትን ሜዳ መሃል ለመሃል ያቋርጠዋል። የሚበሏቸው ፍልፈሎችና አይጦች በቀን ስለሚወጡ ቀበሮዎቹም አደናቸው በቀን ብርሃን ነው። አስቸጋሪው ፎቶው ነው። ቀይ ቀበሮ ቁመቱ እስከ ትከሻው 60 ሴንቲሜትር ግድም ነው፤ ርዝመቱ ደግሞ ጅራቱን ሳይጨምር ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። ከ60 ሜትር ርቀት በስልክ ሲነሳ በሰፊ ሜዳ ላይ ያለ ቀይ ነጥብ ይሆናል። ያንን ነጥብ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ የፍልፈል ጉድጓድ የሚጠብቅ እንስሳ አድርጎ የሚያሳየን ረጅም ዙም ሌንስ ነው።

ይህን ሌንስ ለመግዛት የሚነሳ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው “ስንት ሚሊሜትር ይደርሳል?” ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቦታው ሦስተኛ ነው እላለሁ። ከሱ በፊት ሁለት ነገር መታወቅ አለበት፦ እንስሳው ብዙ ጊዜ በምን ያህል ርቀት ላይ ይቆማል? ሌንሱንስ ተሸክሞ እስከዚያ የሚሄደው ማን ነው?

ከርቀቱ እንጀምር። በሌንሱ አካል ላይ የተጻፈው ሚሊሜትር የትኩረት ርዝመቱ ነው፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ሌንሱ የሚያየው ቦታ ይጠባል፣ እንስሳውም በምስሉ ውስጥ ይገዝፋል። ስሌቱ በጣት ቆጠራ የሚሠራ ያህል ቀላል ነው። የፉል ፍሬም ካሜራ ሴንሰር ወርዱ 36 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ 36ን ለሌንሱ ሚሊሜትር አካፍሎ ውጤቱን በእንስሳው ርቀት ማባዛት ነው። በ600 ሚሊሜትር ከ60 ሜትር ርቀት የሚታየው ቦታ 3.6 ሜትር ወርድ አለው፤ ቀበሯችን ከምስሉ ወርድ ከሩብ በላይ ይይዛል ማለት ነው። በ400 ሚሊሜትር ወርዱ 5.4 ሜትር፣ በ200 ደግሞ 10.8 ሜትር ይሆናል። በ200 ሚሊሜትር የተነሳው ቀበሮ ከምስሉ ወርድ አንድ አስረኛውን እንኳ አይሞላም። ያንን ቆርጦ ማሳደግ ይቻላል፤ የፀጉሩ ጥራት ግን ከመቁረጡ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው አነስ ያለ ሴንሰር ያለው ካሜራ ያላቸው ሰዎች እዚህ ላይ ይጠቀማሉ። ሴንሰሩ የምስሉን መሃል ብቻ ስለሚወስድ፣ 400 ሚሊሜትር ሌንስ በፉል ፍሬም ላይ 600 የሚያሳየውን ያህል ቦታ ያሳያል፤ በካነን ካሜራዎች እንዲያውም 640 ያህል ይሆናል። ሌንሱ አልረዘመም፣ እይታው ነው የጠበበው። ቢሆንም ለጀማሪ ኪስና ትከሻ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

በስሜን ተራሮች ላይ ስሌቱ ይገለበጣል። በዚያ ሣር ሲነጩ የሚውሉት ጭላዳዎች ሰው ስለለመዱ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሜትሮች ብቻ ርቀው ይቀመጣሉ። 5 ሜትር ላይ የተቀመጠች ጭላዳ በ600 ሚሊሜትር ስትነሳ የምስሉ ወርድ 30 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ፊቷ ይሞላዋል፣ ደረቷ ላይ ያለው ቀይ ምልክት፣ የተሸከመችው ግልገልና ከጀርባ ያለው ገደል ሁሉ ይቀራሉ። በዚያው ቀን ከገደሉ ማዶ ዋልያ ብቅ ቢል ደግሞ 600 ራሱ ያንሳል። ዙም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አንድ የትኩረት ርዝመት ብቻ ያላቸው ትልልቅ ሌንሶች በጥራት ይበልጣሉ፤ ነገር ግን ፎቶ አንሺው ራሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲሄድ ይጠይቃሉ። በገደል ጫፍ ላይ ወደ ኋላ መሄድ አይቻልም፤ ወደ እንስሳው መጠጋት ደግሞ ከአደኑ ያፈናቅለዋል።

ከሁሉ በላይ ዙምን የምወድበት ምክንያት በመንዝ ጓሳ የሚታየው ነገር ነው። በዚያ ቀይ ቀበሮዎች በጭላዳ መንጋ መሃል እየተዘዋወሩ አይጥ ያድናሉ፤ ጭላዳዎቹም ልጆቻቸውን ይዘው አይሸሹም። ይህን በ600 ብቻ የሚያነሳ ሰው የቀበሮ ፎቶ ይኖረዋል፤ የዙሙን ቀለበት ወደ 200 የመለሰ ግን ሁለቱ ፍጥረታት እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ያሳያል። ለዱር እንስሳት ፎቶ ዋጋ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ይህ ሁለተኛው ነው።

ወደ ብርሃን እንለፍ። ሌንሱ ላይ ከሚሊሜትሩ ቀጥሎ የሚጻፈው ኤፍ የሚባለው ቁጥር የአፐርቸሩን ስፋት ይነግረናል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብርሃንም ይበዛል። የትኩረት ርዝመቱን ለኤፍ ቁጥሩ ስናካፍል የብርሃን መግቢያውን ስፋት እናገኛለን። 600 ሚሊሜትር ለ6.3 ሲካፈል 95 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 150 ሚሊሜትር። ከዚህ በኋላ የዋጋውና የክብደቱ ምሥጢር ግልጽ ነው። 150 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጥራት ያለው መስታወት ውድና ከባድ ነው። ለዚህ ነው የሶኒና የካነን 600 ሚሊሜትር ኤፍ 4 ሌንሶች ከ3 ኪሎ በላይ የሚመዝኑትና ገበያ ላይ ሲወጡም ከ12,000 ዶላር በላይ የተጠየቀባቸው።

የኤፍ 4 ሌንስ ከኤፍ 6.3 ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። በማለዳ፣ ኤፍ 4 ሌንስ የያዘው ሰው በአይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ትብነት) 1600 የሚያነሳውን ፎቶ፣ ባለ ዙሙ በዚያው ሹተር ስፒድ (ሴንሰሩ ብርሃን በሚቀበልበት ጊዜ) ለማንሳት አይኤስኦውን ወደ 4000 ከፍ ያደርጋል። ከፍ ያለ አይኤስኦ በምስሉ ላይ ነጠብጣብ ስለሚያመጣ ከዓመታት በፊት ይህ ትልቅ ኪሳራ ነበር። ዛሬ ሴንሰሮቹ ተሻሽለዋል፣ በኮምፒውተር ነጠብጣቡን የሚያጠሩ ፕሮግራሞችም መጥተዋል። በመሆኑም በራሱ ገንዘብ ለሚገዛ ሰው ኤፍ 6.3 ይበቃዋል ብዬ በልበ ሙሉነት እናገራለሁ። ኤፍ 8 ወይም 9 ላይ ግን ማሰብ ያስፈልጋል፦ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ለሚነሱ የሐዋሳ ሐይቅ ወፎች ይሆናል፤ በሐረና ደን ጥላ ሥር ላለ የምኒልክ ድኩላ ግን ያንሳል።

ስታቢላይዘር የሚባለውም ብዙ ሰው ያሳስታል። የሚያረጋጋው የእጃችንን መንቀጥቀጥ ነው፤ እንስሳው ከተንቀሳቀሰ የሚያድነን ሹተር ስፒድ ብቻ ነው። ለሚበር ወፍ ከ1/2000 ሰከንድ አካባቢ፣ ለሚራመድ ቀበሮ ከ1/500 መጀመር ያዋጣል።

ገበያውን የለወጠው ሌንስ በ2013 መጨረሻ ይፋ የሆነው የታምሮን 150-600 ነው። ከዚያ በፊት 600 ሚሊሜትር የባለሙያና የባለጸጋ ነገር ነበር። ሲግማ ተከትሎ ሁለት 150-600 አወጣ፤ አንደኛው 2.86 ኪሎ፣ ሁለተኛው 1.9 ኪሎ ግድም። ያው ቁጥር፣ የአንድ ኪሎ ልዩነት። ኒኮን በ2015 ኤፍ 5.6 የሆነውን 200-500 ጨመረ። እነዚህ ለዲኤስኤልአር ካሜራ የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬም ከሁለተኛ እጅ በጥሩ ዋጋ ይገኛሉ። ለአዲሶቹ ሚረርለስ ካሜራዎች ደግሞ የሶኒ 200-600 በ2019፣ የካነን 100-500 በ2020፣ የኒኮን 180-600 እና የካነን 200-800 በ2023 መጡ።

ከነዚህ መሃል አንዱን ለመምረጥ እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለክብደት ነው። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ ትንፋሽ ያጥራል፣ ከመኪና ወርዶ ሁለት መቶ እርምጃ መሄድ እንኳ ልብ ያስመታል። ከ1.4 ኪሎ የማይበልጠው የካነን 100-500 ጫፉ ላይ ኤፍ 7.1 መሆኑ ያስቆጫል፤ ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ በእግር ለሚሄድ ሰው ግን ሁለት ኪሎ ከሚያልፈው ይልቅ ብዙ ፎቶ ያመጣል። በካነን ዘንድ 635 ግራም ብቻ የሚመዝን 100-400ም አለ፤ ጫፉ ኤፍ 8 ነው፣ ለተማሪና ለአስጎብኚ ግን ግሩም መነሻ ይመስለኛል። ከመኪና መስኮት ብቻ የሚያነሳ ሰው በአንጻሩ ስለ ኪሎ አይጨነቅ፤ ከገበያ ባቄላ ወይም ስንዴ ገዝቶ የጨርቅ ከረጢት ሞልቶ መስኮቱ ላይ ያስቀምጥ። ከብዙ ውድ ትራይፖድ የተሻለ ማረፊያ ነው። ባለ መኪናው ሞተሩን እንዲያጠፋ መለመን ግን አይርሳ፤ ንዝረቱ በቀጥታ ወደ ሌንሱ ይገባል።

አቧራም ይታሰብበት። ብዙዎቹ ዙሞች ሲረዝሙ አካላቸው ወደ ፊት ይወጣል፣ ሲያጥሩ ይገባል፤ በዚህ መሃል አየር ይስባሉ። የሶኒ 200-600 እና የኒኮን 180-600 መጠናቸውን ሳይቀይሩ በውስጣቸው ነው የሚያሳድጉት። በበጋ በአዋሽ ፓርክ ሳላ ፍለጋ በአቧራ መንገድ ለሚውል ሰው ይህ ጥቅም አለው፤ ሻንጣ ውስጥ ግን ሁልጊዜ ረጅም እንደሆኑ ይቀራሉ።

አሁን ደግሞ ምንም ዓይነት ሌንስ የማይፈታው ነገር፦ አየሩ። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ሞቃት አየር ከቀዝቃዛው ጋር እየተቀላቀለ ይነሳል፤ በመካከሉ የሚያልፈው ብርሃን ይታጠፋል፣ ይወዛወዛል። ዓይን ይህን እንደ ትንሽ መርገብገብ ያየዋል። ረጅሙ ሌንስ ግን እንስሳውን ሲያጎላ መርገብገቡንም አብሮ ያጎላል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ በሜዳ ላይ ከ100 ሜትር ርቀት የተነሳ ፎቶ የቀለጠ መስሎ ሲታይ ብዙዎች ሌንሱን ይወቅሳሉ፤ እስከ መሸጥ የሚደርሱም አሉ። ለዚህ ገንዘብ መፍትሔ አይሆንም። መፍትሔው ማለዳ መውጣት፣ ደመናማ ቀንን መውደድና ርቀቱን ማሳጠር ነው። በብርድ ጠዋት ማሞቂያ የበራበት መኪና መስኮቱ ሲከፈትም የሚወጣው ሙቀት ልክ እንደዚሁ ምስሉን ያበላሻል፤ አስቀድሞ ማጥፋት ነው።

በሌንሱና በካሜራው መሃል የሚገባውን አጉሊ፣ ቴሌኮንቨርተርን፣ ለሚያስቡም መልሴ ከዚሁ ይነሳል። 1.4 እጥፍ የሚያሳድገው 600 ኤፍ 6.3ን ወደ 840 ኤፍ 9 ይለውጠዋል፤ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፣ የአየሩ መርገብገብ ይጎላል። በቅርብ ላለች ትንሽ ወፍ ይጠቅማል፤ በሩቅ ላለ እንስሳ ግን ብዙ ጊዜ ተስፋ ብቻ ነው።

ወደ አገራችን ብዙው ሌንስ የሚገባው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ ስለሆነ፣ መልእክቱ ከመላኩ በፊት የካሜራው ማያያዣ በትክክል ይታወቅ። የሶኒ ሌንስ ካነን ላይ አይገባም፤ የሲግማና የታምሮን ሌንሶችም ለእያንዳንዱ ማያያዣ ለየብቻ ነው የሚሠሩት። የድሮ የካነን ወይም የኒኮን ዲኤስኤልአር ሌንስ ግን በዚያው ኩባንያ አዳፕተር አዲሱ ሚረርለስ ላይ ብዙ ጊዜ ጥሩ ይሠራል፤ ዘመድ በርካሽ ሊያገኘው የሚችለውም እሱን ነው።

ከሁለተኛ እጅ ሲገዛ በመስታወቱ ውስጥ ከኋላ መብራት አብርቶ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙሩት፤ የሚቆራርጥ ወይም ወደ ታች ሲያዘነብሉት በራሱ የሚንሸራተት ከሆነ ዋጋው ይቀንስ። ከዚያ ሌንሱን እስከ መጨረሻው አርዝመው፣ አፐርቸሩን እስከ ጫፍ ከፍተው፣ ጽሑፍ ያለበትን ግድግዳ ፊት ለፊት ያንሱ። ግራው ጥርት ብሎ ቀኙ ከደበዘዘ በውስጡ ያለው መስታወት ከቦታው ተንሸራቷል፤ ወድቆ ሊሆን ስለሚችል ይተዉት። ቀጥሎ ወደ ውጭ ወጥቶ አውቶፎከሱን መፈተን ነው። ለዚህ ባሌ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያንዣብቡት ጭልፊቶች ከበቂ በላይ ፈጣን ናቸው። አሥር ተከታታይ ፎቶ አንስተው ዓይኑ በስንቶቹ ላይ ጥርት ብሎ እንደወጣ አሳድገው ይዩ፤ ሻጩም ይህን ሲያደርጉ ከጎንዎ ይቁም።